ከሦስቱ መስመር ወዲያ፦ የጋራ ሊስት የሚነካ የድራይቨር ፓች እንዴት ይገመገማል?

ፊቴ ያለው ፓች ሃያ አምስት መስመር አይሞላም። ለአንድ የሲሪያል ካርድ ድራይቨር የቀረበ ነው። ካርዱ አልፎ አልፎ ለተላከለት ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል፤ ጥያቄውን የላከው ፕሮግራምም ተገትሮ ይቀራል። ፓቹ መፍትሔ ይዞ መጥቷል፤ ሰዓት ቆጣሪ ይጨምራል። ቆጣሪው በደወለ ቁጥር መልስ የሚጠባበቁትን ጥያቄዎች ሊስት ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ ጊዜው ያለፈበትን ይነቅልና ለባለቤቱ «አልተሳካም» ብሎ ያሳውቃል። ሎክ ይዟል፣ የያዘውንም ለቋል። ሊስቱን የሚዞርበት ማክሮ ስሙ ላይ «ሴፍ» የሚል ቃል አለበት። ማብራሪያው ግልጽ ነው፣ የስም አወጣጡ ጥሩ ነው፣ ኮምፓይለሩም ትንፍሽ አላለም። (ማንም እንዳይለይበት ከገጠሙኝ ሁለት ሦስት ፓቾች አገጣጥሜ የማቀርበው ነው፤ ድራይቨር የሚገመግም ሰው ግን ዘመዱን አይስተውም።)

ፓቹ ስህተት አለበት፤ ያውም ማሽኑን በአንድ ጊዜ የሚጥል። ነገር ግን ጣት ቀስሮ «ይኸው፣ ይህ መስመር ነው» ማለት አይቻልም። ፓች ልማዱ ሆኖ ከተለወጠው በላይ ሦስት፣ ከተለወጠው በታች ሦስት መስመር ብቻ አስከትሎ ይመጣል። የገምጋሚ ዓይን የሚያርፈውም እዚያ ነው። የጋራ ሊስትን የሚያበላሸው ሁለተኛው እጅ ግን ከሦስቱ መስመር ወዲያ ነው ያለው፦ ፋይሉ ግርጌ ባለ የኢንተረፕት ፈንክሽን ውስጥ፣ መሣሪያው ሲነቀል በሚጠራ ሌላ ፈንክሽን ውስጥ፣ አንዳንዴም ጭራሹኑ ሌላ ፋይል ውስጥ። ስለዚህ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። እንዲህ ያለ ፓች ለውጡን በማንበብ አይገመገምም፤ የሚገመገመው ሊስቱን በመከተል ነው። ሊስቱን እነማን ይነኩታል? በየትኛው ሎክ ሥር? ሜሞሪውን በመጨረሻ የሚለቀው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ያልያዘ ፓች፣ ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ወደ ላኪው መመለስ አለበት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሊነክስ ከርነል ሊስት መቁጠሪያ ነው ብል ብዙም አልራቅኩም። ክብ ነው፤ መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ቋጠሮ ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ፍሬ ከፊቱ ያለውንና ከኋላው ያለውን የሚያሳዩ ሁለት ፖይንተሮች አሉት። ልዩነቱ ክሩ ላይ ነው። በመቁጠሪያ ክሩ ከፍሬው የተለየ ነገር ነው፤ በከርነሉ ግን ክሩ የተሠራው ፍሬው ሆድ ውስጥ ነው። ጥያቄውን የሚይዘው ስትራክቸር ራሱ ሁለቱን ፖይንተሮች ይዞ ይዞራል። ከሊስት መንቀል እጅግ ፈጣን የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍለጋ አያስፈልግም፣ ግራና ቀኙን እርስ በርስ ማያያዝ ይበቃል። ሁለት ፖይንተር መጻፍ ብቻ ነው።

መዘዙም ከዚሁ ይመጣል። የፍሬው ሜሞሪ ሲለቀቅ ክሩ አብሮ ይሄዳል፤ ከሊስቱ ሳይነቀል ከተለቀቀ ጎረቤቶቹ አሁንም ወደ ባዶው ቦታ እያመለከቱ ይቀራሉ። አንድ ፍሬ ባለው አንድ ክር ሁለት ሊስት ውስጥ በአንድ ጊዜ መግባት አይችልም፤ ቢገባ ሁለቱ መቁጠሪያዎች ይጠላለፋሉ። ደግሞም በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጽሕፈት መካከል ሊስቱ ግማሽ ልብ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሌላ የፕሮሰሰር ኮር ቢመጣ የሚያየው ያልተጠናቀቀ ነገር ነው። ሎክ የሚያስፈልገው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ወደ ፓቹ ልመለስ። «ሊስት_ፎር_ኢች_ኤንትሪ_ሴፍ» የተባለው ማክሮ በስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። የሚገባው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ አሁን ያለህበትን ፍሬ ብትነቅለው ዙሩ አይቋረጥብህም፤ ምክንያቱም ቀጣዩን ቀድሜ በእጄ ይዣለሁ። ከሌላ ኮር፣ ከኢንተረፕት፣ ከሌላ ትሬድ አይጠብቅም። ፓቹ ደግሞ ምን ያደርጋል? ጊዜው ያለፈበትን ጥያቄ ከነቀለ በኋላ ለባለቤቱ ለማሳወቅ ሎኩን ይለቃል፤ የባለቤቱ ፈንክሽን የራሱን ሎክ ሊይዝ ስለሚችል መልቀቁ ተገቢ ነው። አሳውቆ ሲመለስ ሎኩን እንደገና ይይዛል፤ ቀድሞ ወደያዘው ቀጣይ ፍሬም ይሻገራል። በዚያች ክፍተት ካርዱ ለቀጣዩ ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ቢሆንስ? በሌላ ኮር ላይ ኢንተረፕት ይነሳል፣ ነጻ የሆነውን ሎክ ይይዛል፣ ቀጣዩን ጥያቄ ይነቅላል፣ ባለቤቱም ሜሞሪውን ይለቃል። ቆጣሪው ተመልሶ ሲመጣ በእጁ ያለው አድራሻ የፈረሰ ቤት አድራሻ ነው።

ሎኩ ተይዟል፣ ተለቋል፣ እንደገና ተይዟል፤ ቆጥሮ ለሚያነብ ሰው ሒሳቡ ይገጥማል። ሎክ የሚጠብቀው ግን መስመርን አይደለም፤ እውነትን ነው። «ቀጣዩ ፍሬ ሊስቱ ውስጥ አለ» የሚለው እውነት ሎኩ በተለቀቀባት ቅጽበት ዋስትናውን አጥቷል፤ መልሶ መያዙ ዋስትናውን አይመልስም። ዙር ውስጥ ሎክ ለቆ የሚይዝ ፓች ባየሁ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጬ ሙሉውን ፋይል የምከፍተው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን የፓቹን ስህተቶች በፍጥነት ልለፍባቸው። መልሱና የጊዜው ማለፍ በአንድ ላይ ቢገጥሙ አንዱ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠናቀቃል፤ የጥያቄውን ሁኔታ የሚናገር ምልክት የለም። ኢንተረፕት የሚጋራውን ሎክ ኢንተረፕት ሳይዘጋ የያዘ ኮድ፣ ኢንተረፕቱ እዚያው ኮር ላይ ቢነሳበት፣ ራሱን በራሱ ይቆልፋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በፓቹ ውስጥ ጨርሶ የለም፦ መሣሪያው ሲነቀል ድራይቨሩ ሜሞሪውን ሁሉ ይለቃል፤ ቆጣሪው ግን እንዲቆም ማንም አልነገረውም። ያንን ፈንክሽን ፓቹ አልነካውም። ስላልነካውም አያሳየውም።

እዚህ ላይ ስለ መርዙ ልናገር። ከርነሉ ፍሬን ሲነቅል በተነቀለው ፍሬ ፖይንተሮች ላይ ሆን ብሎ ልክ ያልሆነ አድራሻ ይጽፋል፤ በራሱ በኮዱ ውስጥ «ፖይዝን»፣ መርዝ ይባላል። ያንኑ ፍሬ ዳግመኛ ለመንቀል የሞከረ ኮድ ወዲያው ይወድቃል፤ ስህተቱም ይታያል። ሌላም መንቀያ አለ፤ ፍሬውን ነቅሎ ወደ ራሱ እንዲያመለክት ያደርጋል። በዚህኛው ሁለተኛ ጊዜ መንቀል ምንም ድምፅ የለውም። ስለዚህ «ፓችህ ማሽኑን ይጥላል» የተባለ ላኪ በሁለተኛው ዙር መንቀያውን ብቻ ቀይሮ፣ «አሁን አይወድቅም» ብሎ ሲመጣ ተጠንቀቁ። የታከመው ጩኸቱ ነው፤ ሕመሙ ያው ነው። ሁለተኛው መንቀያ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ትክክለኛው እሱ ነው። ሁለት እጅ ለምን አንድ ፍሬ ለመንቀል እንደመጣ ሳያስረዳ የሚተካው ሰው ግን ማስረጃ እያጠፋ ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ላይ ጭንቀት እንዳይመስል አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። በከርነሉ ውስጥ «ኤን_ኤችዲኤልሲ» የሚባል፣ በሲሪያል መስመር ላይ ዳታ በፍሬም እያደረገ የሚያስተላልፍ ድራይቨር አለ። የሚላኩት በፈሮች በአንድ ሊስት፣ ነጻ የሆኑት በሌላ ሊስት ይቀመጡ ነበር። ሊስቶቹ የከርነሉ መደበኛ ሊስት አልነበሩም፤ ድራይቨሩ ለራሱ የሠራቸው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄዱ ነበሩ። በዚያ ላይ አንድ ፖይንተር ነበር፤ በመላክ ላይ ያለውንና ካልተሳካ ዳግም የሚላከውን በፈር የሚያመለክት። በጁን 2009 አንድ ማሻሻያ ገባ፤ ተጠቃሚው ሲጠይቅ ያልተላኩትን በፈሮች ጠርጎ ወደ ነጻዎቹ የሚመልስ። ጠቃሚ ነው፣ ምክንያታዊ ነው፣ አጭር ነው። ጠራጊው ፈንክሽን ያንን ፖይንተር ባዶ ሆኖ ካላገኘው በፈሩን ወደ ነጻዎቹ ሊስት ይመልሳል። ላኪው ፈንክሽንም ልኮ ሲጨርስ ያንኑ በፈር ወደዚያው ሊስት ይመልሳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሮጡ አንድ በፈር ሁለት ጊዜ ይገባል። ድራይቨሩ ሲዘጋ ሊስቱን እየዞረ ሜሞሪ ሲለቅ ያንኑ በፈር ሁለት ጊዜ ይለቃል።

ሁለት ጊዜ የተለቀቀ ሜሞሪ ለአጥቂ የተከፈተ በር ነው። ስህተቱ በማርች 2017 ይፋ ሲሆን ሲቪኢ-2017-2636 የሚል የደህንነት ስህተት መለያ ቁጥር ተሰጠው፤ ተራ ተጠቃሚ የማሽኑ ጌታ እንዲሆን የሚያስችል ነበር። ልዩ ሃርድዌር እንኳ አያስፈልግም፤ ትልልቆቹ የሊነክስ ስርጭቶች ድራይቨሩን እንደ ሞጁል ይዘውት ስለሚዞሩ ተጠቃሚው በጠራው ጊዜ በራሱ ይጫን ነበር። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ማንም ሳያየው ኖሯል። ያገኘው አሌክሳንደር ፖፖቭ ሲሆን የረዳው ሲዝካለር የተባለው፣ ለከርነሉ የዘፈቀደ ጥሪዎችን እያዥጎደጎደ የሚፈትን የጉግል መሣሪያ ነው። ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን ጥገናውን ነው። ፖፖቭ አንድ ተጨማሪ ሎክ ጣል አድርጎ አልሄደም። የግል ሊስቱን በመደበኛው ሊስት ተካ፤ የችግሩ ምንጭ የነበረውን ፖይንተርም ከናካቴው አስወገደ። መላክ ያልተሳካለት በፈር ወደ ሊስቱ ራስ ይመለሳል፤ ሌላ ቦታ የለውም። በፈሩ በማንኛውም ጊዜ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ የሚይዘውም አንድ እጅ ነው።

ያንን የ2009 ማሻሻያ የገመገመ ሰው የትኛውን መስመር ቢያነብ ይይዘው ነበር? የጠራጊውን መስመሮች ሺህ ጊዜ ቢያነብ አይይዘውም፤ ሎክ ሥር ናቸውና። መያዝ የሚችለው «ይህን ፖይንተር ሌላ ማን ይነካዋል?» ብሎ ስሙን በፋይሉ ውስጥ ቢፈልግ፣ ላኪው ፈንክሽን ላይ ቢደርስ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የስልክ ነው። አንድሮይድ የሚጠቀመው የሊነክስን ከርነል ነው፤ በቴሌብር ገንዘብ የሚልክ ባለ አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ይህንኑ ኮድ ኪሱ ይዞ ይሄዳል። በአንድሮይድ ውስጥ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩት «ባይንደር» በተባለ ድራይቨር ነው። ባይንደር ለእያንዳንዱ ትሬድ ስትራክቸር ይፈጥራል፤ ስትራክቸሩ ሆድ ውስጥ የተጠባባቂዎች ሊስት ራስ አለ። ኢፖል የተባለው የከርነሉ ክፍል ክስተት ለመጠበቅ የራሱን ፍሬ እዚያ ሊስት ላይ ያስገባል። ትሬዱ «ጨርሻለሁ» ሲል ባይንደር ስትራክቸሩን ከነሊስቱ ራስ ይለቃል። የኢፖል ፍሬ ግን ገና እዚያው ተያይዟል። በኋላ ኢፖል ፍሬውን ለመንቀል ሲመጣ፣ የሚጽፋቸው ሁለት ፖይንተሮች የሌላ ሰው በሆነ ሜሞሪ ላይ ያርፋሉ። ሲቪኢ-2019-2215 የተባለው ይህ ነው። ስህተቱን አስቀድሞ ያገኘው ያው ሲዝካለር ነበር፤ በዋናው ከርነል ተጠግኖም ነበር። ጥገናው ያልደረሳቸው ስልኮች ግን ብዙ ነበሩ፤ ፒክስል 2፣ የሳምሰንግ ኤስ7፣ ኤስ8 እና ኤስ9 ከተጠቀሱት መካከል ናቸው። በኦክቶበር 2019 ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው የጉግል የደህንነት ቡድን ይፋ ሲያደርገው አጥቂዎች እየተጠቀሙበት እንደሆነ የሚያሳይ መረጃ ነበር። እዚህ የሊስቱ ራስ የአንዱ ነው፣ ፍሬው የሌላው ነው፤ ሁለቱን የሚጽፉት ሰዎች አንድ ፋይል ላይ አይገናኙም። የአንዱን ፓች ብቻ ያነበበ ገምጋሚ ተስፋ የለውም።

«ራስት ይህን ሁሉ ይፈታዋል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ራስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ2022 መጨረሻ በወጣው ስሪት 6.1 ወደ ከርነሉ ገብቷል፤ እኔም በደስታ ከተቀበሉት አንዱ ነኝ። ባይንደርም በራስት ተጽፎ በ2025 መጨረሻ በወጣው 6.18 ገባ። በዲሴምበር 2025 ለከርነሉ የራስት ኮድ የመጀመሪያው የሲቪኢ ቁጥር ተሰጠ፤ ስህተቱም የጋራ ሊስት ላይ የተነሳ ሽሚያ ነው። አንዱ ፈንክሽን ሎክ ይዞ የሊስቱን ፍሬዎች በሙሉ ወደ ራሱ ጊዜያዊ ሊስት ያዛውራል፣ ሎኩን ይለቃል፣ ከዚያ ያለ ሎክ ይዞራቸዋል። ሌላው ትሬድ በዚያው ጊዜ ሎክ ይዞ፣ ፍሬው ዋናው ሊስት ላይ ያለ መስሎት፣ ከእነዚያው አንዱን ይነቅላል። ራስት ኮምፓይለሩ ሊያረጋግጠው ለማይችለው ቦታ ጸሐፊው ለምን ደህና እንደሆነ በማስታወሻ እንዲጽፍ የሚጠይቅ ልማድ አለው፤ እዚያም ተጽፎ ነበር። ፍሬው ወይ የባለቤቱ ሊስት ላይ ነው፣ ወይ የትም የለም የሚል ነበር ሐሳቡ። ሦስተኛውን፣ ጊዜያዊውን ሊስት አላሰበውም። ጥገናው ፍሬዎቹን ሳያዛውሩ ከዋናው ሊስት አንድ በአንድ ማውጣት ሆነ።

ይህ ክስተት ራስትን አያሳፍርም፤ እንዲያውም አደገኛው ቦታ በምልክት መታጠሩ ለገምጋሚ ትልቅ ውለታ ነው። ሦስት መቶ መስመር ከማሰስ ይልቅ አንድ ማስታወሻ ይዞ «እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላልና። ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል። ወደ ጊዜያዊ ሊስት አዛውሮ ሎክ መልቀቅም በሲ ድራይቨሮች ዘንድ የተከበረ ዘዴ ነው፤ የሚሠራው ግን ፍሬውን በሌላ በር ሊነቅል የሚችል ሌላ እጅ ከሌለ ብቻ ነው።

መሣሪያዎቹን አላቃልልም። በ2006 የገባው ሎክዴፕ የሎኮችን ቅደም ተከተልና የኢንተረፕት አያያዝን ይከታተላል። በ2015 የገባው ካሳን የተለቀቀ ሜሞሪን የነካ ኮድ ሲሮጥ ይይዛል፤ በ2020 የገባው ኪሲሳን ያለ ሥርዓት የሚሻሙ ኮሮችን ያጋልጣል። ችግሩ ሁሉም የሚያዩት የሮጠውን ኮድ ብቻ መሆኑ ነው። የሲሪያል ካርዱ በእጁ የሌለ ሰው ኢንተረፕቱን አያስነሳም፤ ያልተነሳ ኢንተረፕት አይሻማም፤ መሣሪያዎቹም ዝም ይላሉ። «በካሳን ፈትሼዋለሁ» የሚል ማስታወሻ ደስ ይለኛል፤ ፊርማዬን ግን አያስገኝም።

ውበትም ፊርማዬን አያስገኝም። የሊነክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2016 በቴድ መድረክ ላይ ከሊስት ፍሬ የሚነቅሉ ሁለት አጫጭር ኮዶችን አሳይቶ ሁለተኛው ጥሩ ጣዕም አለው ብሎ ነበር፤ ለመጀመሪያው ፍሬ የተለየ ቅድመ ሁኔታ ስለማያስፈልገው። ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ያ ምሳሌ ግን አንድ እጅ ብቻ የሚነካው ሊስት ነው። ጣዕም ያለው ኮድ ሁለተኛ እጅ ሲጨመርበት ጣዕም እንደሌለው ሁሉ ይወድቃል፤ እንዲያውም ንጹሕነቱ ገምጋሚውን ያዘናጋዋል።

በሊነክስ ዘንድ «ገምግሜዋለሁ» ብሎ በስም መፈረም ማሰብ የሚጠይቅ ነገር ነው። የፈረመ ሰው ፓቹን በቴክኒክ መርምሬዋለሁ፣ የታየኝን ችግር ለላኪው አሳውቄያለሁ፣ የማውቀው እንቅፋት አልቀረበትም ማለቱ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለቀቀ ሜሞሪ እንዲነካ የሚያደርጉ፣ ላይ ላዩን ግን ትንሽ ጥገና የሚመስሉ ፓቾችን ሆን ብለው ማቅረባቸው በ2021 ብርቱ ቁጣ አስነሥቶ ነበር። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ በፈቃደኞች ጊዜ ላይ ያለ ፈቃዳቸው ሙከራ አይሠራም። በቅንነት የሚላክ ስህተት ግን ከዚያ ይበዛል፤ መልኩም ያው ነው።

ስለዚህ ለላኪው የምጽፈው መልስ «ስህተት ነው» አይልም። የማየውን ሽሚያ በጊዜ ቅደም ተከተል በሁለት ዓምድ እጽፋለሁ፤ በግራ ቆጣሪው የሚሠራውን፣ በቀኝ ኢንተረፕቱ የሚሠራውን፣ መስመር በመስመር። ይህ የከርነል ሰዎች የቆየ ልማድ ነው፤ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል፤ ላኪው ካልተስማማ የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳትኩ ሊያሳየኝ ይችላል። ከዚያ ሎኩ የታወጀበት ቦታ ላይ ምን እንደሚጠብቅ አንድ መስመር እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። ከከርነሉ ጋር የሚመጣው ቼክፓች የተባለው መፈተሻ ስክሪፕትም ማስታወሻ የሌለው ሎክ ሲያይ ያሳስባል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጌጥ ያየዋል። እኔ ግን ያንን አንድ መስመር ለመጻፍ ሲቀመጡ ስህተታቸውን ራሳቸው ያገኙ ላኪዎችን አውቃለሁ።

የሲሪያል ካርዱ ፓች በሁለተኛው ዙር ተሻሽሎ መጥቷል። ጊዜው ያለፈባቸው ጥያቄዎች ሎክ ሥር እያሉ ምልክት ተደርጎባቸው ወደ ጊዜያዊ ሊስት ይሄዳሉ፤ የኢንተረፕቱ ፈንክሽን ምልክቱን አይቶ እጁን ይሰበስባል። ኢንተረፕት ይዘጋል። መሣሪያው ሲነቀል መጀመሪያ ቆጣሪው እስኪቆም ይጠበቃል። ከሎኩ ጎን ማስታወሻ አለ፦ «የጥያቄዎቹን ሊስትና የእያንዳንዱን ጥያቄ ሁኔታ ይጠብቃል»። ማስታወሻውን ይዤ የሊስቱን ስም በድራይቨሩ ፋይሎች ሁሉ ፈለግሁ። ሰባት ቦታ ተገኘ። ስድስቱ ሎክ ይዘዋል። ሰባተኛው ከፓቹ በፊትም የነበረ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲተኛ የሚጠራው ፈንክሽን፣ በሁለተኛው ፋይል ውስጥ። ሊስቱን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ ሎክ የሚል ቃል በአካባቢው የለም።